የጤና ጥናት ዳታን ለጆርናል ሲያጋሩ፦ ከስምምነት ቅጹ እስከ ማከማቻው

ጥናቱ አልቆ፣ ጽሑፉም ተጽፎ፣ የጆርናሉን ማስገቢያ ገጽ እየሞሉ ሳለ «ዳታው የት ይገኛል?» የሚል ሳጥን ይመጣል። ብዙው ሰው «ለጸሐፊው ጥያቄ ሲቀርብ ይሰጣል» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚፈጸም ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ዳታቸውን ሲጠየቁ እንደሚሰጡ ያሰፈሩ የ1,792 ጽሑፎችን ጸሐፊዎች በኢሜይል ጠይቆ ዳታውን ያገኘው ከ122ቱ ብቻ ነበር፤ 93 በመቶዎቹ ወይ አልመለሱም ወይ እምቢ ብለዋል። በሌላው ጫፍ ደግሞ አርታኢው ሲጫናቸው የኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ፋይሉን ከነካርድ ቁጥሩ፣ ከነቀበሌው አያይዘው የሚልኩ አሉ።

ሁለቱም ጥፋቶች ምንጫቸው አንድ ነው፤ ዳታ ማጋራት የመጨረሻው ቀን ሥራ ተደርጎ ይታሰባል። ምን ማጋራት እንደሚቻል የሚወሰነው ግን የስምምነት ቅጹ በሚጻፍበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በቅጹ ላይ የተገባውን ቃል መጠበቅ ነው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በጤና ተቋም ወይም ቤት ለቤት ዳታ ሰብስበው ለጆርናል ለሚልኩ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ ነው።

1. ጆርናሉና ገንዘብ ሰጪው የሚጠይቁትን ፕሮፖዛል ላይ እያሉ ያንብቡ

የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ የሚቀርብ የክሊኒካል ትራያል (ሕክምናን በሰዎች ላይ የሚፈትን ጥናት) ጽሑፍ ሁሉ የዳታ ማጋሪያ መግለጫ እንዲኖረው ይጠይቃል። ተሳታፊ መመልመል የጀመረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ወዲህ ከሆነ ደግሞ ዕቅዱ ትራያሉ ሲመዘገብ ጀምሮ መኖር አለበት። መግለጫው የሚመልሳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ የእያንዳንዱ ተሳታፊ ማንነቱ የተሰወረ ዳታ ይሰጣል ወይ? የትኛው ዳታ? ከእሱ ጋር ምን ሰነድ አብሮ ይሰጣል? ከመቼ እስከ መቼ? ለማን፣ በምን መስፈርት? ኮሚቴው «አንሰጥም» የሚል መልስ አይከለክልም፤ ሳይመልሱ ማለፍን ነው የሚከለክለው።

የፕሎስ ጆርናሎች እ.ኤ.አ. ከማርች 2014 ጀምሮ ጠበቅ ይላሉ። ዳታው በጸሐፊው እጅ ብቻ ሆኖ «ጠይቁኝ» ማለት አይበቃቸውም፤ በሥነ ምግባር ምክንያት ክፍት ማድረግ ካልተቻለ ጥያቄውን የሚቀበል ከጸሐፊው ሌላ አካል እንዲጠቀስ ይፈልጋሉ። ገንዘቡ ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ከሆነም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 25 ቀን 2023 ወዲህ የዳታ አያያዝና ማጋራት ዕቅድ ከማመልከቻው ጋር አብሮ ይገባል።

2. የስምምነት ቅጹን ያስተካክሉ

ከመመረቂያ ጽሑፍ ወደ መመረቂያ ጽሑፍ ሲገለበጥ የኖረ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፦ «የሰጡት መረጃ ከጥናት ቡድኑ በስተቀር ለማንም አይሰጥም፤ ጥናቱ ሲያልቅም ይወገዳል።» የተጻፈው ለበጎ ነው፤ ምስጢር ለመጠበቅ። ነገር ግን ቃል ኪዳን ነው። ተሳታፊዋ በዚህ ላይ ከፈረመች ስሟን ሰርዞ እንኳ ለሌላ ተመራማሪ መስጠት ቃል ማፍረስ ይሆናል፤ አርታኢው ቢጨቀጭቅም መልሱ አይለወጥም።

በእሱ ቦታ እንዲህ ያለ አንቀጽ ይግባ፦

«ስምዎን፣ ስልክዎን፣ የካርድ ቁጥርዎንና አድራሻዎን ካወጣን በኋላ ከእርስዎ ያገኘነውን መረጃ ከሌሎች ተሳታፊዎች መረጃ ጋር እናስቀምጣለን። ወደፊት ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ከአገር ውጭ ያሉትም ጭምር፣ ለጤና ጥናት ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ፈቃዱን የሚሰጠው የተቋሙ ኮሚቴ ነው። መረጃው አንዴ ከተሰጠ በኋላ የእርስዎን ብቻ ለይቶ ማስመለስ ላይቻል ይችላል። በዚህ ባይስማሙም በጥናቱ መሳተፍ ይችላሉ፤ የሚያገኙት ሕክምናም አይጓደልም።»

ከሥሩ ለብቻው «እስማማለሁ» እና «አልስማማም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ይኑሩ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። መልሱ ወረቀቱ ላይ ብቻ ቀርቶ ዳታው ውስጥ አይገባም። ከሁለት ዓመት በኋላ ማን እንደተስማማ ለማወቅ የፋይል ሳጥን መክፈት ይመጣል፤ ያ ደግሞ አይደረግም። ስለዚህ በመጠይቁ ላይ «ለማጋራት ፈቅደዋል፦ 1 አዎ፣ 0 አይ» የሚል ተለዋዋጭ (የዳታ ዓምድ) ከመጀመሪያው ቀን ይኑር።

«ማንም በፍጹም ሊያውቅዎ አይችልም» ብለው አይጻፉ። ይህን ማረጋገጥ የሚችል ሰው የለም።

ቅጹ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ ሲተረጎም የማጋሪያ አንቀጹ በእያንዳንዱ ትርጉም መኖሩን መስመር በመስመር ያመሳክሩ። አንቀጹ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው የሚያነበው የእንግሊዝኛው ቅጽ ላይ ገብቶ ሰዎቹ የፈረሙበት ላይ ሳይኖር የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ የሚጸናው የተፈረመበት ነው። ማንበብ ለማይችሉ በምስክር ፊት ይነበባል። በሙከራው ጊዜ አምስት ስድስት ሰዎችን «እንግዲህ መረጃዎ ወዴት ይሄዳል?» ብለው መልሰው ይጠይቁ። «ወደ መንግሥት» ወይም «ለካርዴ» የሚል መልስ ከመጣ አንቀጹ ገና አልገባም ማለት ነው።

ዳታው በአሮጌው ቅጽ ተሰብስቦ ካለቀስ? ለሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው የማሻሻያ ጥያቄ ይቅረብ። ኮሚቴው ካልፈቀደ ድምር ሰንጠረዦቹን፣ መጠይቁን፣ ኮድቡኩን (የዓምዶቹንና የኮዶቹን ትርጉም የያዘውን ሰነድ) እና የትንተና ትእዛዞቹን ያጋሩ፤ የተሳታፊዎቹ ዳታ የማይሰጥበትን ምክንያትም በግልጽ ይጻፉ። ይህ አሳፋሪ መልስ አይደለም።

ሕጉም አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤናና የዘረመል ዳታን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ዓይነቶች መድቧቸዋል፤ ዳታን ከአገር ማውጣትንም ይመለከታል። ማከማቻው ውጭ አገር ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜም ነው፣ ይህ በፕሮፖዛሉ ላይ በስም ተጠቅሶ ይፈቀድ። የደም ወይም የሌላ ናሙና መላኪያ ስምምነት ዳታውን እንደሚሸፍን አድርገው አይውሰዱት፤ ለዳታው ራሱን የቻለ አንቀጽ ወይም ስምምነት ያስፈልጋል።

3. ዳታው የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ

ከኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች፣ ለምሳሌ ከ2011 ወይም ከ2016 እ.ኤ.አ.፣ የሚሠሩ ጽሑፎች በጣም ብዙ ናቸው። ያንን ዳታ አውርዶ በራስ ስም ማከማቻ ላይ መጫን የአጠቃቀም ውሉን ይጥሳል። ማጋራት የሚቻለው የትንተናውን ትእዛዝ ፋይል ነው። መግለጫው ላይ ደግሞ የትኛው ዓመት፣ የትኛው ፋይል (የሴቶቹ፣ የሕፃናቱ ወይስ የቤተሰቡ)፣ ከማን ተጠይቆ እንደተገኘ ይጻፋል። ከጤና ሚኒስቴር የሪፖርት ሥርዓት፣ ከሆስፒታል መዝገብ ወይም ከነዋሪዎች የጤና ክትትል ጣቢያ የተወሰደ ዳታም እንዲሁ ነው፤ ባለቤቱ የፈቀደው ለትንተና ብቻ ከሆነ ማጋራት ሌላ ደብዳቤ ይጠይቃል።

4. ቀጥተኛ መለያዎችን ያውጡ፤ የተደበቁትንም ይፈልጉ

ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክ፣ የካርድ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ ፋይዳ ቁጥር፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ተጠቃሚዎች ልዩ ቁጥር፦ እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል። የሚያመልጡት ሌሎቹ ናቸው።

በስልክ መጠይቅ መሙያዎቹ በኮቦ ወይም በኦዲኬ የተሰበሰበ ዳታ ሲወርድ መጠይቁ ላይ የሌሉ ዓምዶችን ይዞ ሊመጣ ይችላል፦ ቃለ መጠይቁ የተጀመረበትና ያለቀበት ደቂቃ፣ የስልኩ መለያ፣ የመረጃ ሰብሳቢው የተጠቃሚ ስም፣ የተላከበት ሰዓት። የጂፒኤስ ነጥብ ከነበረ ኬክሮስና ኬንትሮሱ፣ ከፍታውና የስህተት ርቀቱ እየተነጣጠለ ይወጣል። ዋናውን የጂፒኤስ ዓምድ ሰርዞ የተነጣጠሉትን መተው የተለመደ ስህተት ነው።

ኤክሴል ላይ የተደበቁ ሺቶች፣ የተደበቁ ዓምዶች፣ የሴል አስተያየቶች አሉ፤ ፒቮት ሰንጠረዥም ምንጩ ከተሰረዘ በኋላ እንኳ ሙሉውን ዳታ በውስጡ ይዞ ሊቀር ይችላል። ስታታና ኤስፒኤስኤስ ላይ የተለዋዋጭ መግለጫዎችንና ማስታወሻዎችን ይዩ፤ የጤና ጣቢያው ስም ከዓምዱ ጠፍቶ በመግለጫው ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ወደ ሲኤስቪ (ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዥ) መቀየር ይህን አብዛኛውን ያራግፋል። ሲቀይሩ ግን የኮዶቹ ትርጉም አብሮ ይራገፋል፤ «03» የነበረውም ኤክሴል ላይ ዳግም ሲከፈት «3» ይሆናል፤ አማርኛ ጽሑፍ ካለበትም ፋይሉ የግዕዝ ፊደልንም በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 አቀማመጥ ካልተቀመጠ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይቀራል።

ለእያንዳንዱ ተሳታፊ በዘፈቀደ የወጣ አዲስ ቁጥር ይስጡ። የካርድ ቁጥሩን በሐሽ (ቁጥሩን ወደማይነበብ ኮድ በሚለውጥ ቀመር) ማመስጠር በቂ ይመስላል፤ አይደለም። የካርድ ቁጥር ጥቂት አሃዝ ስለሆነ ሊኖሩ የሚችሉትን ቁጥሮች በሙሉ አመስጥሮ ማመሳከር ለኮምፒውተር ቀላል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የኒው ዮርክ ታክሲዎች የጉዞ ዳታ ሰሌዳው እንዲህ ተመስጥሮ ወጥቶ ወዲያው ተፈትቷል። አዲሱን ቁጥር ከሰጡ በኋላ የረድፎቹን ቅደም ተከተል ይበውዙ፤ ዳታው በምዝገባ ቀን እንደተደረደረ ከቀረ መዝገቡን ያየ ሰው ረድፍ ቆጥሮ ይደርስበታል። አሮጌውንና አዲሱን ቁጥር የሚያያይዘው ፋይል ተቆልፎ፣ ከዳታው ተለይቶ፣ በተቋሙ ዘንድ ይቀመጥ።

5. ዋናው ሥራ፦ ቀጥተኛ ያልሆኑ መለያዎች

ከሦስት ጤና ጣቢያዎች የተሰበሰበ የ412 እናቶች ዳታ አለ እንበል። ስም የለም፣ ካርድ ቁጥር የለም። አንዱ ረድፍ እንዲህ ይላል፦ ዕድሜ 44፤ ቀበሌ 03፤ ትምህርት ዲግሪ፤ ሥራ የመንግሥት ሠራተኛ፤ የወለደችበት ቀን ጥቅምት 12፤ የተወለዱት መንታ፤ የኤችአይቪ ምርመራ ፖዘቲቭ። በዚያ ዓመት በዚያ ቀበሌ በ44 ዓመቷ መንታ የወለደች የመንግሥት ሠራተኛ ስንት ናት? ገንፎ ሊበላ የሄደ ጎረቤት ሁሉ ያውቃታል። አሁን ውጤቷንም አወቀ።

የአሜሪካው የጤና መረጃ ሕግ የሚዘረዝራቸው 18 መለያዎች በብዙ መመሪያ ይጠቀሳሉ። ለእኛ አገር እንዳለ አይሠራም፤ ቀበሌንም ጎጥንም ጎሣንም አያውቅም። አንድ ነገር ግን ያስተምራል። የፖስታ ኮድ የመጀመሪያ ሦስት አሃዞች እንዲቀሩ የሚፈቅደው በአካባቢው ከ20,000 በላይ ሰው ሲኖር ነው። በእኛ የጤና ሥርዓት አንድ ጤና ኬላ የሚያገለግለው ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ደግሞ ከ15,000 እስከ 25,000 ነው። በዚህ ስሌት ቀበሌ ከዳታው ይወጣል፤ ጤና ጣቢያ በስሙ አይቀመጥም፤ ወረዳም ሲያስፈልግ ብቻ ይቀራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ከውጭ የሚያይ ሰው አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚችሉትን ተለዋዋጮች ይምረጡ፦ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቦታ፣ ሥራ፣ ትምህርት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ቁጥር፣ የሚታይ የአካል ጉዳት። የላቦራቶሪ ውጤት ከእነዚህ አይደለም፤ ጎረቤት አያየውም። ሁለተኛ፣ የተመረጡት ተለዋዋጮች አንድ ዓይነት የሆኑላቸው ረድፎች ስንት እንደሆኑ ይቁጠሩ። ኤክሴል ላይ ዓምዶቹን በአንድ ሴል አያይዘው በካውንትኢፍ ይቆጠራል፤ በመካከላቸው ሰረዝ ያስገቡ፣ አለዚያ «1» እና «11» ከ«11» እና «1» ጋር ይምታታሉ። ኤስፒኤስኤስ ላይ አግሪጌት የሚለው ትእዛዝ፣ አር በተባለው ሶፍትዌር ላይ ደግሞ ኤስዲሲማይክሮ የተባለው ጥቅል ይሠራዋል፤ ኤአርኤክስ የሚባል ነፃ ሶፍትዌርም አለ። ሦስተኛ፣ ቁጥራቸው ትንሽ የሆነባቸውን ይለዩ።

ትንሽ ማለት ስንት ነው? ፈቃድ እየተጠየቀ ለሚሰጥ ዳታ 5 እንደ ዝቅተኛ ገደብ ይወሰዳል። ለሁሉም ክፍት ለሚሆን 11 ይሻላል፤ የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ ለሕዝብ ለሚወጣ የክሊኒካል ሰነድ የሚጠቅሰው 0.09 የሚለው የመለየት ዕድል ወደዚያው ይመጣል (1 ለ11 ሲካፈል 0.09 ገደማ ነው)። በተግባር ጥናታችን በአንድ ሆስፒታል 180 ሰው ከሆነ 11 ላይ ለመድረስ ዳታውን እስኪያልቅ መጨፍለቅ ይመጣል። ያኔ መፍትሔው መጨፍለቁን መቀጠል ሳይሆን ክፍት ማድረጉን መተው ነው።

አራተኛ፣ ያሰባስቡ። ቅደም ተከተሉ ላይ ጠንከር ያለ አስተያየት አለን፤ መጀመሪያ ቦታ፣ ቀጥሎ ቀን፣ ቀጥሎ ሥራ፣ ዕድሜ መጨረሻ። ዕድሜ ለትንተና በጣም ስለሚፈለግ በአንድ ዓመት ልክ እንዲቆይ ቦታን መሠዋት ይሻላል። በላይኛው ምሳሌ ቀበሌው ይጠፋል፤ ጤና ጣቢያው «ሀ፣ ለ፣ ሐ» ይባላል፤ ሥራ «ደመወዝ ያላት፣ የሌላት» ይሆናል፤ ዕድሜ ከ40 በላይ ያሉት በአንድ ይጠቃለላሉ፤ መንታ መውለድ የጥናቱ ጉዳይ ካልሆነ ይወጣል። ከዚያም ዳግም ይቆጠራል። አሁንም ብቻቸውን የቀሩ ሁለት ሦስት ረድፎች ካሉ በእነዚያ ረድፎች ላይ ብቻ አንዱን ዋጋ ባዶ ያድርጉና ስንት ሴል ባዶ እንደተደረገ በሰነዱ ላይ ይጻፉ።

አምስተኛ፣ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖም የሚያመልጥ ነገር አለ። ተመሳሳይ የሆኑት ስድስት ሴቶች ስድስቱም ፖዘቲቭ ከሆኑ ማንኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ሳይታወቅም ምስጢሩ ወጥቷል። በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ የምስጢራዊው ተለዋዋጭ መልስ መለያየቱን ይዩ።

ብሔርና ሃይማኖት ለጥናቱ ጥያቄ አስፈላጊ ካልሆኑ ይውጡ። ሰው በግል ባይለይም ቡድንን ከበሽታ ጋር አያይዞ ማጥላላት ይቻላል፤ በተለይ ቦታና ብሔር አንድ ላይ ሲቀመጡ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የሚጠቀስ አንድ ጠቃሚ ደንብም አለ፤ ቀጥተኛ ያልሆኑ መለያዎች ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ዳታውን ከጥናቱ ውጭ የሆነ ተመራማሪ ወይም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይየው። ከተቻለ ያ ሰው የአካባቢው ተወላጅ ይሁን፤ ማን ማን እንደሆነ ቶሎ የሚገባው እሱ ነው።

6. ቀኖች፣ በተለይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመዘገቡት

ቀን ሁለት ችግር አለው። ሰውን ይለያል፤ ከዚያም በላይ ሳይታወቅ ይበላሻል። በቀን፣ ወር፣ ዓመት በተቀናበረ ኤክሴል ላይ ጥቅምት 30 ቀን 2013ን «30/2/2013» ብለው ሲያስገቡ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። «29/2/2012» ግን 2012 በፈረንጆቹ አራት ዓመት አንዴ የሚመጣው ረጅም ዓመት ስለሆነ ቀን ሆኖ ያልፋል። አንድ ዓምድ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ሆነ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አቀማመጥ ከሆነማ ጳጉሜን 5 ማለትም «5/13/2013» ሜይ 13 ሆና ቁጭ ትላለች፤ ማንም ሳያውቅ።

ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የቁጥር ዓምዶች ይግቡ፤ አራተኛ ዓምድ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይናገር። ወደ ፈረንጆቹ ሲቀይሩ የመቀየሪያውን ትእዛዝ ቢያንስ በእነዚህ ይሞክሩት፦ መስከረም 1 ቀን 2012 ሴፕቴምበር 12፣ 2019 መሆን አለበት፤ መስከረም 1 ቀን 2013 ደግሞ ሴፕቴምበር 11፣ 2020። ሁለቱም 11 ወይም ሁለቱም 12 ከመጡ ጳጉሜን 6 ተረስታለች።

ከተቀየረ በኋላ ለማጋሪያው ቅጂ ቀኑን ወደ ርቀት ይለውጡ። ጥናቱ ውስጥ የገባችበት ቀን ዜሮ ይሆንና ምርመራ፣ ወሊድ፣ ሞት በስንተኛው ቀን እንደሆነ ይጻፋል። ሬድካፕ የተባለውን የዳታ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ከሆነ ዳታው ሲወርድ የእያንዳንዱን ሰው ቀኖች በአንድ ልክ እስከ 364 ቀን የሚገፋ ምርጫ አለው። ወባን ወይም የምግብ እጥረትን የመሰለ ወቅት የሚወስነው ጉዳይ ከሆነ ግን መግፋት ጥናቱን ያበላሸዋል፤ ያኔ ወሩን ወይም ሩብ ዓመቱን ብቻ ያስቀሩ።

7. ጽሑፍ፣ ምስል፣ ቦታ

«ሌላ ካለ ይገለጽ» የሚለው ዓምድ ሁልጊዜ ይነበብ፤ በሙሉ፣ በሰው ዓይን። የመንደር ስም፣ የነርሷ ስም፣ «ባሏ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው» የሚል ማስታወሻ የሚገኘው እዚያ ነው። ወደ ኮድ ተቀይሮ ጽሑፉ ይወገዳል። የቃለ መጠይቅ ግልባጮች ሌላ ነገር ናቸው። ስም በቅጽል ስም ቢተካም ታሪኩ ራሱ ሰውየውን ያሳውቃል፤ ስለዚህ ሙሉ ግልባጭ ለሁሉም ክፍት አይደረግም። የተመረጡ ጥቅሶችና የኮድ ማውጫው ክፍት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የቀረው በፈቃድ።

የራጅና የኤምአርአይ ፋይሎች የታካሚውን ስም በውስጣቸው ይይዛሉ። የጭንቅላት ኤምአርአይ ደግሞ የፊት ቅርጽ ይወጣበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገ ሙከራ በመልክ መለያ ሶፍትዌር ከ84 ተሳታፊዎች 70ው ከፎቷቸው ጋር ተገናኝተዋል። ፊቱን የሚያነሣ ሶፍትዌር ሳይጠቀሙ አያጋሩ።

የጂፒኤስ ነጥብ የግድ ካስፈለገ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳው አሠራር ጥሩ አርአያ ነው። የቤት ነጥብ አይሰጥም፤ የክላስተሩ (በአንድ አካባቢ አብረው የተመረጡት ቤቶች) ማዕከል ብቻ ነው የሚሰጠው፤ እሱም በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር በዘፈቀደ ይገፋል፤ ከገጠሮቹ 1 በመቶው እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

8. ሌላ ሰው እንዲገባው አድርገው ያዘጋጁ

ማንነቱ ተሰውሮ ማንም የማይገባው ፋይል ማጋራት የደንብ ማሟያ ነው። ኮድቡኩ ላይ ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ የጥያቄው ቃል በቃል ጽሑፍ (የተጠየቀበት ቋንቋም)፣ ኮዶቹ፣ መለኪያው፣ እንዴት እንደተሰላ ይጻፋል። የጎደለ መልስ ኮድ ላይ ይጠንቀቁ፤ «99» ለአንዱ ዓምድ «አይታወቅም» ሲሆን በሌላው የክብደት ወይም የዕድሜ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ሄሞግሎቢን ካለ ለከፍታ ቦታ ማስተካከያ ተደርጎበታል ወይስ አልተደረገበትም የሚለው ይነገር፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ቦታ የደም ማነስ ቁጥሩ በዚህ ብቻ ይለወጣል። የሕፃናት ዜድ ስኮር (ዕድገታቸው ከመደበኛው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳይ ቁጥር) ሲያጋሩ ቁመትና ክብደቱንም አብረው ያስቀምጡ።

በመጨረሻም የጽሑፉን ዋና ሰንጠረዦች ከማጋሪያው ቅጂ እንደገና ያውጡ፤ ከመጀመሪያው ፋይል አይደለም። ዕድሜ ስለተጠቃለለ የማይወጣ ሰንጠረዥ ካለ በሪድሚው (ከዳታው ጋር በሚሄደው የመግለጫ ፋይል) ላይ የትኛው እንደሆነ ይጻፉ። ይህ ካልተደረገ አንድ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ቁጥሩ አልመጣልኝም ብሎ ለጆርናሉ ይጽፋል።

9. ማከማቻና የመግቢያ ደረጃ

ዜኖዶ በሰርን (በአውሮፓው የኒውክሌር ምርምር ድርጅት) የሚተዳደር ነፃ ማከማቻ ነው፤ ለአንድ መዝገብ እስከ 50 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ፋይሉን ዘግቶ በጥያቄ ብቻ መስጠትም ያስችላል፤ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ዲኦአይ (የመዝገቡን ቋሚ መለያ) አስቀድሞ ይይዝልዎታል። ድራያድ ያለ ገደብ ክፍት ለሚሆን ዳታ ብቻ ነው፤ ፈቃዱም ሲሲ ዜሮ (ባለቤቱ መብቱን ሁሉ የሚተውበት) ነው። ለክሊኒካል ትራያል ቪቭሊ፣ ለሰው ዘረመል የአውሮፓው ጂኖም-ፊኖም ማኅደር ተገቢ ናቸው። አገር ውስጥ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ብሔራዊ የዳታ አስተዳደር ማዕከል አለው፤ ተቋምዎ ከእሱ ጋር ይሠራ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ማከማቻ ላይ የታተመ ፋይል እንደ ኢሜይል አባሪ አይደለም። ስህተት ሲገኝ አዲስ ዕትም ይወጣል እንጂ አሮጌው ከወረደበት ኮምፒውተር አይመለስም። ስለዚህ «አትም» የሚለውን የሚጫነው ሰው ፋይሉን ያዘጋጀው ሰው አይሁን። መለያውም በተማሪው የግል ኢሜይል አይከፈት፤ ተመርቆ ሲሄድ የፈቃድ ጥያቄዎቹ ሁሉ እዚያ ይቀራሉ።

የጤና ዳታ አብዛኛው በሁለት ቢከፈል ይሻላል። ኮድቡኩ፣ መጠይቁ፣ የትንተና ትእዛዙና የተጠቃለለው ሰንጠረዥ ለሁሉም ክፍት፣ ምንጩን ለሚጠቅስ ሁሉ በሚፈቅደው በሲሲ ባይ 4.0 ፈቃድ። የተሳታፊዎቹ ዳታ ደግሞ በፈቃድ። በፈቃድ በሚሰጠው ላይ ሲሲ ባይ መለጠፍ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ያ ፈቃድ ማንም ለማንም እንዲያስተላልፍ ይለቃል። ለእሱ የአጠቃቀም ውል ነው የሚያስፈልገው።

ውሉ ከሁለት ገጽ መብለጥ የለበትም። ተቀባዩ ሰዎቹን ለመለየት አይሞክርም፤ ከሌላ ዳታ ጋር አያገናኝም፤ ለሦስተኛ ወገን አይሰጥም፤ ሳያስበው ሰው ካወቀ ያሳውቃል፤ በተባለው ቀን ያጠፋል፤ ዲኦአዩን ጠቅሶ ምንጩን ይናገራል። የጋራ ጸሐፊ ካልሆንኩ አልሰጥም የሚለውን ግዴታ አያስገቡ፤ የደራሲነት መስፈርቱ ዳታ በመስጠት ብቻ አይሟላም። ሰብሳቢዎቹ ልፋታቸውን ሌላ ቀድሞ እንዳይጽፍበት የሚፈሩ ከሆነ፣ ፍርሃቱም ተገቢ ነው፣ መንገዱ የጊዜ ገደብ ነው፤ ለምሳሌ ከኅትመት በኋላ 12 ወር።

ፈቃድ የሚሰጡት ሦስት ሰዎች ይሁኑ፦ አንድ ከጥናቱ፣ አንድ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው፣ አንድ ከዳታ ክፍሉ። ኢሜይሉ የሰው ሳይሆን የኃላፊነቱ ይሁን። በ10 የሥራ ቀን መድረሱን ማሳወቅ፣ በ30 ቀን መወሰን፣ እምቢ ሲባል ምክንያቱን መጻፍ። ጥያቄና ውሳኔው በመዝገብ ይያዝ።

10. መግለጫውን መጻፍ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሳጥኑን መሙላት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፦

«መጠይቁ፣ ኮድቡኩና የትንተና ትእዛዙ በዚህ ዲኦአይ ክፍት ናቸው። የ398 ተሳታፊዎች ማንነቱ የተሰወረ ዳታ በዚያው መዝገብ በፈቃድ ይገኛል፤ 14 ተሳታፊዎች ለማጋራት ስላልተስማሙ አልተካተቱም። ዳታው የኤችአይቪ ውጤት ስለያዘ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ለሁሉም ክፍት እንዲሆን አልፈቀደም። ጥያቄ ለዳታ ኮሚቴው በተቋሙ ኢሜይል ይቀርባል፤ በ30 ቀን ይመለሳል። ዳታው ጽሑፉ ከታተመ ከ12 ወር በኋላ ጀምሮ ለ10 ዓመት ይሰጣል።»

ለገምጋሚዎች ጽሑፉ ሳይታተም የሚያዩበትን የምስጢር ሊንክ ለአርታኢው ይላኩ፤ ዜኖዶም ድራያድም ይህን ያስችላሉ።

11. ስህተት ከተገኘ

መለያ ይዞ የወጣ ፋይል ከታየ በዚያው ሰዓት መዝገቡን ዝጉት፤ አስተካክሎ ለመጫን መጀመሪያ አይሩጡ። ቀጥሎ ለማከማቻው ድጋፍ ክፍል ፋይሉ እንዲወገድ ይጻፉ፤ ስንት ጊዜ እንደወረደም ይመልከቱ። በዚያው ቀን ለሥነ ምግባር ኮሚቴውና ለተቋሙ፣ ከዚያ ለጆርናሉ ያሳውቁ። በፈቃድ የወሰዱት ሰዎች ዝርዝር በእጅዎ ስላለ እንዲያጠፉና ማጥፋታቸውን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ይጠይቁ። ለተሳታፊዎቹ መነገር አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን የሚወስነው ኮሚቴው ነው፤ የጥናት ቡድኑ ብቻውን አይወስንም። የስህተቱን ዓይነት በማስታወቂያ ሲገልጹም የትኛው ዓምድ እንደሆነ አይጥቀሱ፤ አሮጌውን ፋይል ላወረደ ሰው ወዴት እንደሚመለከት መንገር ይሆናል።